ለሦስት የተከፈለ ግራኝ

ይሄን ነገር መጀመሪያ የነገረችኝ በለጠች ናት። በለጠች ማለት የስፖርት ኮሚቴው ቢሮ ተላላኪ ናት፤ ወረቀት ታዞራለች፣ ሻይ ታቀርባለች፣ በር ዘግታ ስትወጣ ጆሮዋን እዚያው ትታ ነው የምትወጣው። ዘመኑ ሰባ ሁለት ነው፤ ወሩ ግንቦት። እኔ መጋዘኑ ጥላ ስር ቆሜ ጨው የሚያወርዱ ሰዎቼን ስቆጣጠር ነጠላዋን በራሷ ላይ ጣል አድርጋ መጣች።

«ክፍሉ፣ ግራኝህን ለሦስት ከፈሉት» አለችኝ።

በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ወሬ ለቀልድ አይወራም።

«በምን ከፈሉት?»

«በወረቀት። ሦስት ሰው ነው ብለው ጻፉት።»

ትንሽ ተነፈስኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ። ይኸው አርባ ምናምን ዓመት አለፈ፣ ንዴቱ ግን አልወጣልኝም። ዛሬ የልጅ ልጆቼ ሬዲዮ ከፍተው አንድ ፈረንጅ በአንድ ዓመት ሦስት ዋንጫ ወሰደ፣ ጉድ ነው ሲሉ እሰማለሁ። የፈረንጁን አልነካም፣ ይውሰድ። ግን ዋንጫውን ሊቀበል ሲሄድ «አንተ ስንት ሰው ነህ?» ብሎ የጠየቀው አለ ወይ? እኔ የማውቀው ሰው ግን ተጠይቋል።

እኔ ያኔ ካቦ ነበርኩ። ሰላሳ ኩሊ በአንድ ፉጨት የማዝ ካቦ። ኩሊ ማለት በአብዮቱ ተከልክሎ ወዛደር በሉ ተብለን ነበር፤ እሺ አልን፣ ጨው ግን ለወዛደርም ያው ይከብዳል። ፊደል አልቆጠርኩም። ቢሆንም የትኛው ፉርጎ ውስጥ ስንት ጆንያ እንደገባ ከሦስት ወር በኋላ ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ። ጸሐፊው በደብተሩ ሲሳሳት እኔ በጭንቅላቴ አርመው ነበር። አንድ ጊዜ እንዲያውም ሁለት መቶ ጆንያ ስኳር ጠፋ ተብሎ ሰው ሁሉ ሲንጫጫ እኔ ብቻዬን... እሱ ሌላ ነው፣ ተውት።

ዐብዱላሂ ዒልሚ ከሰላሳዎቹ አንዱ ነው። እዚሁ ድሬዳዋ መጋላ ሰፈር ተወልዶ ያደገ ሶማሌ፤ ያኔ ሃያ ስምንት ቢሆነው ነው። ስታዩት ምንም አይደለም፣ ቀጭን፣ አንገቱ ረዘም ያለ፣ ዝምተኛ። ጆንያ ሲሸከም ግን ጆንያው ነው የሚያፍረው። ግራኝ ነው። በቀኙ የሚበላው እናቱ በልጅነቱ እጁን እየመታች አስለምዳው ነው፤ ሌላውን፣ ማንሳቱንም፣ መወርወሩንም፣ መዶሻውንም በግራው ነው። ግራኝ ሲባል የታሪክ ነገር የሚያነሳ ሰው አለ። እኛ ዘንድ ግራኝ ማለት በግራ እጁ የሚሠራ ሰው ነው፣ አለቀ።

እንግዲህ ቀን ሠራተኛ ነው። ባቡር ከመጣ ይበላል፣ ካልመጣ አይበላም። ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ ደግሞ ባቡሩ አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይቀራል። ሚስቱ ሳሕራ ሁለት ልጅ ወልዳለታለች። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ የመጋዘኑ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ጸሐፊው አነበበልን። የሠራተኛ ስፖርት ተብሎ ሦስት ዋንጫ ወጥቷል፤ ብስክሌት በጥቅምት፣ ሩጫ በጥር፣ ብረት ማንሳት በሚያዝያ። ግርጌው ላይ፣ ሦስቱንም በአንድ ዓመት ያሸነፈ ወዛደር በመጋዘኑ ቋሚ ሆኖ ይቀጠራል ይላል። መጋዘኑ የማን እንደሆነ አልናገርም፤ ዛሬም ሰው አለው።

ቋሚ። ባቡር መጣ አልመጣ ደሞዝ አለ። ብትታመም ሐኪም አለ። ዐብዱላሂ ጸሐፊውን ያችን የመጨረሻዋን መስመር ሁለት ጊዜ አስነበበው።

ለምን እንደጻፏት እኔ አውቃለሁ። የማይሆን ነገር ስለሆነ ነው። ብስክሌተኛ ጭኑ እየወፈረ ይሄዳል። ወፍራም ጭን ይዘህ አሸዋ ላይ ብትሮጥ ትሰምጣለህ። ሯጭ መክሳት አለበት፤ ብረት አንሺ ደግሞ ከሲታ ከሆነ ብረቱ እሱን ያነሳዋል። አንዱን ስትገነባ ሌላውን ታፈርሳለህ። ሦስቱን በአንድ ገላ ማስማማት ሦስት ሚስት በአንድ ጓዳ እንደማኖር ነው። እኔ ራሴ በጉልበቴ ጊዜ ሁለቱን ማንም አይቀድመኝም ነበር፤ ብስክሌት ስለማልችል ነው እንጂ ሦስተኛውም አይቀርልኝም።

ጥቅምት ላይ ብስክሌቱ ሆነ። ከለገሃር ተነስቶ ደንገጎ ዳገት ጫፍ ድረስ ወጥቶ መመለስ። ዐብዱላሂ ብስክሌት የለውም። መጋላ ውስጥ በሰዓት ብስክሌት የሚያከራይ ሃሺ የሚባል ሰውዬ ነበር፤ እሱ ጋ ሄደ።

«ፍሬን የሌላት አንዲት አለችኝ» አለው ሃሺ። «ዳገት ፍሬን አይፈልግም።»

«ቁልቁለቱስ?»

«ቁልቁለቱን ከአላህ ጋር ተነጋገር።»

አንደኛ ገባ። ቁልቁለቱን በእግሩ እየያዘ ነው የወረደው፤ የጎማ ጫማው ሶል አልቆ ተረከዙ ይጨስ ነበር ብላችሁ አታምኑኝም።

ያስመዘገበው ሃሺ ነው። ዐብዱላሂ ያን ሰዓት እኔ ዘንድ ጆንያ ስር ነበር። መዝጋቢው «ስም?» ሲለው ሃሺ «ጉሬይ» አለ። ጉሬይ በሶማልኛ ግራኝ ማለት ነው። ሶማሌ ለሰው ሁሉ ቅጽል ያወጣል፣ ቢያወጣም እውነቱን ነው፤ መጋላ መሃል ቆማችሁ «ዐብዱላሂ» ብላችሁ ብትጣሩ ግማሹ መንደር ነው ዞሮ የሚያያችሁ። መዝጋቢው ቀጠለና «የማን?» አለው። ሃሺ ብስክሌቷ የማን ናት ያለው መሰለውና «የሃሺ» አለ። ተጻፈ፤ ጉሬይ ሃሺ።

ጥር ላይ ሩጫው ሆነ። የደቻቱ ወንዝ ደረቅ ነው፤ በአሸዋው ላይ ሦስት ጊዜ መመላለስ። ባቡር በሌለ ቀን ዐብዱላሂ የጋሪዎቹ አለቃ ሙሜ ዘንድ ይጭናል፣ ያወርዳል። ሙሜ ኦሮሞ ነው፣ ሳቂታ፤ ከጋሪ ነጂዎቹ ጋር አድርጎ አስመዘገበው። «ስም?» ሲሉት «ቢታ» አለ። ቢታ በኦሮምኛ ግራ ነው። «የማን?» ሲሉት ከማን ቡድን ነው ያሉት መሰለውና «የሙሜ» አለ። ተጻፈ፤ ቢታ ሙሜ። እዚያም አንደኛ ገባ።

ሚያዝያ ላይ ብረቱ። በዘይት ጣሳ ሲሚንቶ ሞልተው በቧንቧ ያያዙት፣ ሃምሳ ኪሎ፣ በአንድ እጅ ከራስ በላይ። ይሄን እኔ ነኝ ያስመዘገብኩት። «ግራኝ» አልኩ። «የማን?» አለኝ። ኩሊ የማን ነው? የካቦው ነው። «የኔ ነዋ፣ የክፍሉ» አልኩት። እዚህ ላይ ጥፋቱ የጠያቂው ነው፤ «የማን ልጅ» ይባላል እንጂ «የማን» ብሎ ዝም ይባላል? ለማንኛውም ሦስተኛውንም ወሰደ።

ዋንጫ ሲሰጥ የሚጠራው ጀርባ ላይ ያለው ቁጥር ነው። ስለዚህ ስሙ ሦስት ዓይነት ሆኖ መጻፉን ማናችንም አላወቅንም። እንግዲህ ግንቦት ላይ ሦስቱን ዋንጫ በሽርጥ ጠቅልሎ ቢሮ ሄደ። ሊቀመንበሩ ጓድ ሣህሉ ይባላል፤ ከደጋ ተሹሞ የመጣ፣ ድሬዳዋ ዓመት ያልሞላው። ክፉ ሰው አልነበረም የሚሉ አሉ። እኔ አልልም።

ይሄን ነው በለጠች ጨው ላይ ተቀምጣ የነገረችኝ።

«ስም?» አለው ጓድ ሣህሉ።

«ዐብዱላሂ ዒልሚ።»

መዝገቡን አገላበጠ። «ዐብዱላሂ ዒልሚ የሚባል ሰው አንድም ውድድር አልገባም። የብስክሌቱ ጉሬይ ሃሺ፣ የሩጫው ቢታ ሙሜ፣ የብረቱ ግራኝ ክፍሉ። ሦስት ሰው ናቸው። ሦስቱም ይምጡ።»

ዐብዱላሂ ትንሽ አሰበና «ሦስታችንም መጥተናል» አለው።

በለጠች ሻዩን ልትደፋው ነበር።

«ትቀልዳለህ?»

«ወላሂ አልቀልድም። ጉሬይም እኔ፣ ቢታም እኔ፣ ግራኝም እኔ። አንተ ሦስታችንን ቅጠረን፣ የአንድ ሰው ደሞዝ ይበቃናል።»

እንግዲህ ይሄ «አንተ» የምትባል ነገር አለች። ድሬዳዋ ውስጥ እርስዎ የለም። ለሹሙም አንተ፣ ለሽማግሌውም አንተ፣ ለሼኩም ለቄሱም አንተ ነው። ንቀት አይደለም፣ አፋችን እንዲህ ነው የተሠራው። እኔ አባቴ ከመንዝ ነው የመጣው፣ እርስዎን አውቃታለሁ፣ ግን እዚህ ካወጣኋት ሰው ይስቅብኛል። ጓድ ሣህሉ ግን አንተ በተባለ ቁጥር ጆሮው ይቀላ ነበር ትላለች በለጠች።

«ስማ» አለው። «ሯጭ ብረት አያነሳም። ብረት የሚያነሳ ደንገጎን በብስክሌት አይወጣም። ይህ በሳይንስ የታወቀ ነው። አንድ ሰውነት ሦስቱን አይችልም። ስለዚህ ሦስት ሰው ናችሁ።»

አያችሁ? የማይቻል ነገር አድርጉ ብለው ማስታወቂያ ለጠፉ፤ ሰውየው አደረገው፤ የማይቻል ስለሆነ አላደረግከውም አሉት። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩት ሰውዬ ይሄ አይገባኝም፤ የቆጠራችሁ አስረዱኝ።

ከዚያ ጓድ ሣህሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በዚህ ጊዜ በሦስት ስም የሚዘዋወር ሰው ምን እንደሚባል ታውቃለህ?»

ጦርነቱ ካለቀ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ለመጋላ ሰው፣ ያውም ለሶማሌ፣ ያቺ ጥያቄ ምን እንደሆነች ማንም አይነግረውም፣ ያውቃታል።

«እኔ ክፉ አልፈልግብህም» አለው ሰውዬው። «አንዱን ዋንጫ ውሰድና ሂድ። ሌላውን እንዳልሰማሁ እሆናለሁ።»

«አባቴ ዒልሚ ነው» አለ ዐብዱላሂ። «ስሙ ከየትኛው ዋንጫ ጋር ነው የተጻፈው?»

«ከአንዱም።»

«እንግዲያው የምወስደው የለም።»

ሦስቱንም ጠረጴዛው ላይ ትቶላቸው ወጣ። ሽርጡን ብቻ ይዞ።

እኔ ይሄን ሰምቼ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። በማግስቱ ሃሺን ከመጋላ፣ ሙሜን ከጋሪው ላይ ጎትቼ፣ ዐብዱላሂን ከፊት አድርጌ ገባን። ዐብዱላሂ መንገድ ላይ አኩርፎናል፤ «አባቴን ሦስት ቦታ ጣላችሁት» ከማለት በቀር አልተናገረም።

ጓድ ሣህሉ እኔን ቀና ብሎ አየኝ። «ክፍሉ ማለት አንተ ነህ? ግራኝ ክፍሉ ልጅህ ነው?»

«እኔ ክርስቲያን፣ እሱ እስላም፤ በስምንት ዓመት ነው የምበልጠው። በስምንት ዓመቴ ምን ብርቱ ብሆን...»

ሙሜ ሳቁን ለቀቀው። ሰውዬው አልሳቀም።

«ጓድ» አልኩት፣ «ነገሩ ቀላል ነው። ጉሬይ በሶማልኛ ግራኝ ነው። ቢታ በኦሮምኛ ግራ ነው። ግራኝ ግራኝ ነው። አንድ ቃል ነው፣ ሦስት ጊዜ ተጻፈ። በር ላይ ቲማቲም የምትሸጠዋን ሴት አስጠራና ጠይቅ፤ ሦስቱንም ቋንቋ በአንድ ትንፋሽ ትነግርሃለች።»

«እናንተ ወዳጆቹ ናችሁ፣ ምስክርነታችሁ አይያዝም። ደግሞስ በድሬዳዋ ስንት ግራኝ አለ?»

«አቦ፣ ብዙ ነው» አለ ሙሜ።

እግሩን ረገጥኩት፤ ዘገየሁ።

«ይኸው» አለ ጓድ ሣህሉ። «ሦስት ግራኞች ናቸው።»

ሃሺ ይሄኔ ተናደደ። «ዋሪያ፣ እሺ፣ ሦስቱንም አሁን በፊትህ ይሥራልህ፤ ያኔ ታምናለህ?»

ሃሺ ይሄን ያለው ለአፉ ነው። ሰውዬው ግን እስክሪብቶውን አነሳ። «መልካም። የፊታችን እሁድ። ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ሦስቱንም በፊቴ ይሥራ። ደንገጎ፣ አሸዋው፣ ሃምሳ ኪሎው። ከቻለ አንድ ሰው ነው። አንዱ ከጎደለ ጉዳዩ ወደ ሌላ ቢሮ ይሄዳል።»

የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልጠየቅንም። በሰባት ወር ውስጥ አርፎ፣ በልቶ፣ ተኝቶ ያሸነፈውን ሦስት ነገር በአንድ የግንቦት ቀን ሥራው ማለት ምን ማለት ነው? ድሬዳዋ በግንቦት ውሻ እንኳ ጥላ ስር ሆኖ ነው የሚጮኸው። እኔ እንዲያውም ተው ልለው ነበር። ዐብዱላሂ ግን «እሁድ ነው ያልከው?» ብሎ ብቻ ወጣ።

እሁድ ጠዋት ሳሕራ የግመል ወተት በጆግ ይዛ ለገሃር መጣች። ቆሞ ሲጠጣ እያየችው፣ «ሦስት ባል ነው ያለሽ አሉኝ» አለችው። «ለምሳ የሚመጣው የትኛው ነው? ለሦስት አልሠራሁም።»

«የራበው ይመጣል» አላት።

ጫማ የሰጠው ሃሺ ነው፤ ከጅቡቲ የመጣ አዲስ የስፖርት ጫማ፣ ሃያ አምስት ብር የሚያወጣ። ያችን ብስክሌት ደግሞ በአንደኛው ጎማ ፍሬን አስገብቶላታል። እግዜር ይስጠው፤ ለኔ ቢሆን አያደርገውም ነበር።

ደንገጎን ወጥቶ ወረደ። ጓድ ሣህሉ በላንድሮቨር ከኋላው እየሄደ አየ። ሦስት ሰዓት አልፈጀም። ሰውዬው ሰዓቱን አይቶ መዘገበ፤ ዐብዱላሂ ውሃ ራሱ ላይ አፍስሶ ጥላ ስር ሁለት ሰዓት ጋደም አለ። በአምስት ሰዓት ፀሐዩ አናት ላይ ሲሆን ደቻቱ ወረደ።

ወሬው ከተማውን ዞሯል። ከድልድዩ ጀምሮ በሁለቱም ዳር ሰው ቆሟል። ላንድሮቨሩ በዳሩ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ በለጠች የውሃ ጄሪካን ይዛ ከኋላ ተቀምጣለች፤ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ያየችው እሷ ናት። ዐብዱላሂ በመጋላው በኩል ሲያልፍ ሴቱም ወንዱም «ጉሬይ፣ ጉሬይ» ይላል። ትንሽ አለፍ ሲል ጋሪዎቹ የቆሙበት ነው፤ «ቢታ፣ ቢታ» ይላሉ። ማዶ ደግሞ የኔ ኩሊዎች ናቸው፤ «ግራኝ» እያሉ ጣሳ ይመታሉ። ሯጩ አንድ፣ ጩኸቱ ሦስት። ሲመለስም እንደዚያው፣ ግራኝ፣ ቢታ፣ ጉሬይ። በሁለተኛው ዙር ጓድ ሣህሉ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«በለጠች» አላት፣ «ስንት ሰው ነው የሚሮጠው?»

«አንድ ነው፣ ጓድ።»

«ስሙን ማን ይሉታል?»

«እንደቆሙበት ነው» አለችው።

ሦስተኛውን ዙር መስኮቱን አልዘጋም። እኔ ይሄን ሲነግሩኝ የበለጠ ነው የተናደድኩት። ጆሮ ካለህ መጀመሪያውኑ ቢሮ ስንነግርህ አትጠቀምበትም? የሰው ሳንባ እስኪቃጠል ትጠብቃለህ?

ሦስተኛውን ዙር ሲጨርስ እግሩ ይንገዳገዳል። አሸዋው ላይ ተንበርክኮ ወተቱን ተፋ። ለምሳም አልሄደም። ሳሕራ በመሀረብ ፊቱን ስትጠርግ «በቃህ፣ በቃኝ በላቸው» ስትለው ሰምቻለሁ። መልሱን አልሰማሁም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከለገሃር ጀርባ ባለው ሜዳ ብረቱ ቀረበ። ጠረጴዛ ወጥቷል፣ መዝገብ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፣ የመጋዘናችን ጸሐፊም አለ። እኔ ድሉን አይቼ ነበርና ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ ለስላሳ አዝዣለሁ፤ ሙሉ ሁለት ሳጥን፣ በኔ ሒሳብ። ድሬዳዋ ውስጥ ያን ቀን ክፍሉ ያላጠጣው ሰው የለም።

መጀመሪያ ሲያነሳው ትከሻው ላይ ደርሶ ወደቀ። ጓድ ሣህሉ «አንድ ጊዜ ይቀረዋል» አለ። እንዲህ የሚል ደንብ ሚያዝያ ላይ አልነበረም፤ እዚያው ነው የወለደው።

ዐብዱላሂ መዳፉን በአሸዋ አሸት አሸት አደረገ። ጎንበስ አለ። በግራው ጨበጠ። ትከሻው ላይ አደረሰው፣ ቆመ፣ ተነፈሰ፣ ከዚያ ወደ ላይ ሰደደው። ክንዱ ቀጥ አለ።

«በቃ፣ አውርድ» አለ ጓድ ሣህሉ።

አላወረደም።

«አውርድ ተባልክ እኮ።»

«ማንን ነው የምታዘው?» አለ ዐብዱላሂ። «ስም ጥራና አወርዳለሁ።»

ብረቱ እላይ ነው፤ ላቡ ከክርኑ ይንጠባጠባል። ጓድ ሣህሉ መዝገቡን አየ፣ ሰዉን አየ፣ በለጠችን አየ። ማንም የረዳው የለም።

«ዐብዱላሂ ዒልሚ» አለ መጨረሻ ላይ፣ «አውርድ።»

አወረደው። አልወረወረውም፤ እንደ ልጅ ነው ቀስ አድርጎ ያስቀመጠው።

እዚህ ላይ አለቀ ትላላችሁ። ቢሮ የሚባል ነገር አታውቁም ማለት ነው። ጓድ ሣህሉ ሦስቱን ስም ሰርዞ ዐብዱላሂ ዒልሚ ብሎ ጻፈ፤ የቅጥሩን ወረቀትም አወጣ። ከዚያ ገንዘብ ያዡ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ለእያንዳንዱ የተሳሳተ ስም አስመዝጋቢው አስር ብር ይቀጣል፣ መዝገቡ ዛሬ በአስራ አንድ ሰዓት ከመዘጋቱ በፊት ካልተከፈለ ስሙ ቀድሞ እንደተጻፈው ይቀራል አለ። ይኸው። ሰውዬውን ለሦስት የከፈሉት እነሱ፣ የማገጣጠሚያውን የምንከፍል እኛ። «የማን» ብሎ የጠየቀው መዝጋቢ ስንት ተቀጣ? ሳንቲም አልተቀጣም። እዚያው አጠገባቸው ቆሞ የኔን ለስላሳ ይጠጣል።

ሃሺ አስር ብር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለ፤ «ይሄ ለጉሬይ» አለ። ሙሜ ከመቀነቱ ፈታ፣ ሳንቲምም ብርም ቀላቅሎ ቆጠረ፤ «ይሄ ለቢታ።» ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

እንግዲህ ኪሴ ውስጥ የነበረው ለስላሳ ሆኗል። ሁለት ሳጥን ቀልድ አይደለም። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ብድር የምጠይቅ ሰው አይደለሁም። «ነገ ጠዋት አመጣለሁ» አልኩት ገንዘብ ያዡን። «መዝገቡ ነገ የለም» አለኝ። ጸሐፊው ሰዓቱን ያያል። አስር ሰዓት ከሃምሳ ይላል።

ዐብዱላሂ መሬት ላይ ተቀመጠ። የጫማውን ክር ፈታ፣ አንዱን አወጣ፣ ሌላውን አወጣ፣ አሸዋውን አራገፈና የሜዳውን ዘበኛ «ቁጥርህ ስንት ነው?» አለው። ዘበኛው እግሩን ለካ፣ ልክ ሆነለት። አስር ብር ሰጠው፤ ሃያ አምስት ብር የሚያወጣውን ጫማ። ዐብዱላሂ አስሩን ብር ገንዘብ ያዡ ፊት አስቀመጠና በባዶ እግሩ ቆሞ ወረቀቱ ላይ በግራ እጁ አውራ ጣት ፈረመ። ቀለሙ ሲደርቅ ጸሐፊውን «አንብብልኝ» አለው። አነበበለት። «እንደገና» አለው። እንደገና አነበበለት።

መጋዘኑ ውስጥ አስራ አንድ ዓመት በቋሚነት ሠራ። ልጆቹን አስተማረ። ብስክሌትም፣ ሩጫም፣ ብረትም ከዚያ በኋላ አልነካም፤ ግራ ትከሻው ዝናብ ሲመጣ ያመው ነበር። ሦስቱን ዋንጫ መልሰውለታል፣ በምን ስም እንደቀረጹለት ግን አላየሁም፤ ሳሕራ በአንዱ ስኳር ታስቀምጥበት ነበር።

እኔ የሰው ገንዘብ የምበላ ሰው አይደለሁም። የመጀመሪያ ደሞዙን በተቀበለ ቀን አስር ብር ይዤ ሄድኩለት፤ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

«ይኸው ግራኝ» አልኩት፣ «ዕዳዬ።»

ብሩን አየው፣ አልነካውም። «እኔ ያወጣሁት አስር ብር አይደለም ክፍሉ፣ ጫማ ነው» አለኝ። «ወይ ጫማዬን አምጣ፣ ወይ ግራኝ ማለትህን ተውና እንተዋወቅ።»

ጫማው ሃያ አምስት ብር ነበር። ብሬን ኪሴ መለስኩ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዐብዱላሂ ነው የምለው።